ምዕራፍ አራትን ራስዎ ይሥሩት

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ተማሪ ከመጠናዊ ምርምር ጋር የሚተዋወቅበት መንገድ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። የኮርሱ ዓመት በፈተናና በአሳይመንት ያልፋል። ፕሮፖዛሉ ከቀድሞ ተመራቂዎች በተወረሰ ቀመር ይጸድቃል። መጠይቁ ይበተናል፣ ይሰበሰባል። ዳታው ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ ነው «አሁን ምን ዓይነት ትንተና ልሥራ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው። በዚያ ሰዓት መልስ የሚሰጠው አማካሪው ሳይሆን በክፍያ ዳታ የሚተነትን ሰው ይሆናል። ተማሪው ምዕራፍ አራትን፣ ማለትም የትንተናና የውጤት ምዕራፉን፣ ገዝቶ ዲፌንስ ይቀርባል። ፈታኙ «ይህን ሞዴል ለምን መረጡት?» ሲሉት ግን መልሱን አብሮ አልገዛውም።

ይህ መመሪያ ሒሳብ ከተዉ ዓመታት ላስቆጠሩ የጤና፣ የትምህርት፣ የግብርና ኢኮኖሚክስ፣ የአስተዳደርና የማኅበራዊ ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪዎች የተጻፈ ነው። ዋናው ምክር አንድ ነው፦ የራስዎን መጠይቅ ከመበተንዎ በፊት ሌሎች በሰበሰቡት ዳታ ላይ ሙሉውን ሥራ፣ ከጥሬው እስከ ሠንጠረዡ፣ አንድ ጊዜ በገዛ እጅዎ ይሥሩ። በሰው ዳታ ላይ የተፈጸመ ስህተት የሚበላው ጊዜዎን ብቻ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎችዎ ከመስክ ከተመለሱ በኋላ የሚገኝ ስህተት ግን ብዙውን ጊዜ አይታረምም፤ ሳይጠየቅ የቀረን ጥያቄ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም።

ባዶውን ሠንጠረዥ ይሣሉ

የጥናቱን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉና ከሥሩ መልሱ የሚቀመጥበትን ሠንጠረዥ ባዶውን ይሣሉ። ጥያቄዎ የእናቶች ትምህርትና የልጆች መቀንጨር ነው እንበል። በረድፎቹ «ያልተማረች»፣ «አንደኛ ደረጃ»፣ «ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ» ብለው ይጽፋሉ፤ በዓምዶቹ የሕፃናቱ ብዛት፣ ከእነሱ የቀነጨሩት በመቶኛ፣ የግምቱ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ይሰፍራሉ። እስካሁን አንድም ቁጥር የለም። ቢሆንም የልጁ ቁመት፣ ዕድሜው በወር፣ የእናቱ የትምህርት ደረጃ እንደሚያስፈልግዎ ከወዲሁ ታውቋል። የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ይሁን ሣር ለመጠየቅ ካሰቡ ደግሞ መልሱ የትኛው ሠንጠረዥ ውስጥ እንደሚገባ ማሳየት አለብዎ። ሠንጠረዥ የሌለው ጥያቄ ከመጠይቁ ይውጣ። የገበሬን ግማሽ ቀን ወስዶ በመጨረሻ ግማሹን መልስ የማይጠቀም ጥናት ነውር ነው።

በዚሁ ወረቀት ላይ ጥያቄዎ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይወስኑ። ምን ያህል ሕፃናት ቀንጭረዋል? ይህ የመግለጽ ጥያቄ ነው። የትኛው ልጅ ሊቀነጭር ይችላል? ይህ የመተንበይ ጥያቄ ነው። እናቱ ብትማር ኖሮ ልጁ አይቀነጭርም ነበር? ይህ የመንስኤ ጥያቄ ነው። ሦስቱ የሚፈልጉት ትንተና ይለያያል። በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ የሞሉት «ወሳኝ ሁኔታዎች» የሚሉ ርዕሶች ከሦስቱ የትኛውን እንደሚጠይቁ አይናገሩም፤ አንባቢው እንደፈለገ እንዲረዳው ይተዉታል። እርስዎ ይህን አይድገሙት።

ሶፍትዌር በመምረጥ ጊዜ አያጥፉ

በዚህ ጉዳይ የሚደረገው ክርክር ከሚገባው በላይ ረዥም ነው። አጠገብዎ ተቀምጦ ሊያግዝዎ የሚችል ሰው ስታታ የሚጠቀም ከሆነና ዩኒቨርሲቲዎ ፈቃድ ካለው ስታታ ይማሩ። ካልሆነ አር ይማሩ። አር በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጄንትልማን የተጀመረ፣ ክፍያ የማይጠየቅበት ሶፍትዌር ነው፤ አንዴ ካወረዱት በኋላ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኤስፒኤስኤስ የለመዱም ቢሆኑ አይጨነቁ። አንድ ሕግ ብቻ ያክብሩ፦ ማንኛውም ስሌት በማውዝ ጠቅ ተደርጎ ሳይሆን በተጻፈ ኮድ ይሠራ። ኤስፒኤስኤስም ሲንታክስ የሚባል ይህን የሚያስችል መጻፊያ አለው። ከስድስት ወር በኋላ አማካሪዎ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲሉዎት የሚመልሰው ኮዱ ነው።

ጥሬውን ዳታ በአንድ ፎልደር ያስቀምጡና ፈጽሞ አይንኩት። ማስተካከያ ሁሉ በኮድ ይደረግ፣ የተስተካከለው ዳታ ሌላ ፎልደር ይግባ። ለንባብ ደግሞ ጌልማን፣ ሂልና ቬታሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት «ሪግሬሽን ኤንድ አዘር ስቶሪስ» ለግል ንባብ በነፃ ይገኛል፤ «አር ፎር ዳታ ሳይንስም» እንዲሁ በኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ሁለቱ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። አሥር መጽሐፍ አውርዶ የእያንዳንዱን መጀመሪያ ምዕራፍ ብቻ ከማንበብ አንዱን ከልምምዱ ጋር መጨረስ ይሻላል።

የታተመውን ቁጥር ከጥሬው ዳታ ያውጡ

እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆዩ፤ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው መቀንጨራቸውን ዘግቧል፤ በከተማ 25፣ በገጠር 40 በመቶ። ዳታው ለምርምር ዓላማ በማመልከቻ የሚገኝ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2025 የውጭ ዕርዳታውን ሲቆርጥ ዳሰሳውን የሚደግፈው ፕሮግራም ስለተናጋ፣ ማመልከቻዎን ለነገ ሳይሉ ያስገቡ። ካልተሳካልዎ በዓለም ባንክ የማይክሮዳታ ማኅደር ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ዳሰሳ ለተመሳሳይ ልምምድ ይሆናል።

ሥራው ይህ ነው፦ ያንን 38 ከጥሬው ዳታ ራስዎ ያውጡት። በመጀመሪያው ሙከራ የሚያገኙት ቁጥር ከሪፖርቱ ጋር አይገጥም ይሆናል። ያልገጠመበትን ምክንያት ፈልጎ ማግኘት አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከሚሰጥ ሌክቸር በላይ ያስተምራል።

የመጀመሪያው ችግር የፋይል ምርጫ ነው። ዳሰሳው ለቤተሰብ አባላት፣ ለሴቶች፣ ለወንዶች፣ ለሕፃናት የተለያየ ፋይል አለው። «የሕፃናት» የሚለውን አይተው ቢከፍቱ ያሉት ቃለ መጠይቅ የተደረገላቸው እናቶች ልጆች ብቻ ናቸው። የሪፖርቱ ሠንጠረዥ ግን በቃለ መጠይቁ ዋዜማ ሌሊት በቤቱ ያደሩትን ሕፃናት በሙሉ ይቆጥራል፤ እናታቸው የሞተችባቸውን፣ ከአያት ጋር የሚኖሩትንም ጭምር። ስለዚህ የሚያስፈልግዎ የቤተሰብ አባላት ፋይል ነው። አንድ መቶኛ ሲጻፍ «ከማን ውስጥ?» ብሎ መጠየቅን ከዚህ በላይ የሚያስለምድ ልምምድ አላውቅም።

ሁለተኛው የኮድ አጻጻፍ ነው። የቁመት ለዕድሜ ውጤት በዳታው ውስጥ ያለ ነጥብ ስለሚቀመጥ ከአማካይ በ2 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ማነስ፣ ማለትም የመቀንጨር ወሰን፣ የሚታየው እንደ 200 ሲቀነስ ነው። ከዚያ ደግሞ 9998ን የመሰሉ ቁጥሮች ይገኛሉ። እነዚህ ልኬቱ አጠራጣሪ ወይም ያልተሟላ መሆኑን የሚጠቁሙ ምልክቶች እንጂ ልኬቶች አይደሉም። ሳያወጧቸው ካሰሉ ከአማካይ 99 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚረዝም ሕፃን በዳታዎ ውስጥ ይኖራል፤ «ያልቀነጨረ» ተብሎም ስለሚቆጠር መቶኛዎ ያለአግባብ ዝቅ ይላል። ሶፍትዌሩ ምንም አይነግርዎትም።

ሦስተኛው የናሙና ክብደት ነው። ዳሰሳው በ645 የቆጠራ ቦታዎች ሲካሄድ እንደ ሐረሪና ድሬዳዋ ላሉ አነስተኛ ሕዝብ ላላቸው አካባቢዎች ከሕዝባቸው ድርሻ በላይ ናሙና ተመድቦላቸዋል፤ አለዚያ ስለ እነሱ ለብቻ የሚነገር ነገር አይኖርም ነበር። በአማራ ክልል 46 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ መቀንጨር በተመዘገበበት አገር፣ እያንዳንዱን ሕፃን እኩል ከቆጠሩ የሚያገኙት የናሙናውን አማካይ እንጂ የኢትዮጵያን አይደለም። የክብደቱም ቁጥር ያለ ነጥብ የተቀመጠ ስለሆነ ለአንድ ሚሊዮን ይካፈላል።

አራተኛው የእኛው የራሳችን ነው፤ የዘመን አቆጣጠር። በኢትዮጵያ ዳታ ውስጥ ቀናት የተመዘገቡት በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ የ2016ቱን ፋይል ሲከፍቱ የቃለ መጠይቁ ዓመት 2008 ይላል። ዳሰሳው ወራትን የሚቆጥረው ከ1900 ጀምሮ ነው፦ ዓመቱ ላይ 1900 ተቀንሶ በ12 ይባዛል፣ ወሩ ይደመራል። ጥር 2008 በዚህ ስሌት 1301 ይሆናል፤ ጃንዋሪ 2016 ደግሞ 1393። ልዩነቱ 92 ወር ነው። የልጁን ዕድሜ ለማስላት ሁለቱም ቀናት በአንድ አቆጣጠር እስካሉ ድረስ ችግር የለም። ዳታውን ከኬንያ ጋር ለማወዳደር ወይም ከዝናብ መረጃ ጋር ለማገናኘት ሲሞክሩ ግን እነዚያን 92 ወራት ካልጨመሩ የድርቅ ዓመት ከድርቁ በኋላ በተወለዱ ልጆች ላይ ይወድቃል።

ቁጥሩ ሲገጥም፣ የሕፃናቱም ብዛት ከሪፖርቱ ጋር ሲስማማ፣ ወደ ሁለተኛው ሠንጠረዥ ይለፉ። ከዚያ በመስክዎ የታተመ አንድ ጽሑፍ መርጠው የዚያን ሪግሬሽን ይድገሙ። ይህ የተማሪ ልምምድ ብቻ እንዳይመስልዎ። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንደን ለክፍል ሥራ የታተመ ጽሑፍ እንዲደግም ሲታዘዝ የመረጠው የታወቁትን የሃርቫርድ ምሁራን የራይንሃርትንና የሮጎፍን የ2010 ጥናት ነበር። ጥናቱ ዕዳቸው ከአገር ውስጥ ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ አገሮች ዕድገት በአማካይ ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ነው ይላል፤ መንግሥታትም የበጀት ቅነሳ ሲያደርጉ ይጠቅሱት ነበር። ሄርንደን ቁጥሩ አልገጥምለት ሲል የኤክሴል ፋይሉን ጠይቆ አገኘ፤ አማካዩን የሚያወጣው ቀመር አምስት አገሮችን ሳያካትት ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከመምህራኑ ጋር ባወጣው ጽሑፍ፣ ስህተቱ ሲታረምና የጎደለው ዳታና የአመዛዘኑ ስልት ሲስተካከል፣ አማካዩ 2.2 በመቶ እንደሆነ አሳየ።

በኮምፒውተር ውስጥ ሕዝብ ይፍጠሩ

ስታቲስቲክስ የሚከብደው ቀመሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነን ነገር «ሺህ ጊዜ ቢደጋገም ኖሮ» እያለ ስለሚናገር ነው። ኮምፒውተሩ በእርግጥ ሺህ ጊዜ ይድገምልዎ። አንድ ሚሊዮን ሕፃናት ያሉበት፣ 38 በመቶው የቀነጨሩበት ሕዝብ ይፍጠሩ። ከውስጡ 384 ሕፃናትን በዕጣ አውጥተው መቶኛውን ይመዝግቡ፤ ይህን ሺህ ጊዜ ይድገሙ። አብዛኛው ውጤት፣ ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉ፣ በ33 እና በ43 መካከል ያርፋል። እያንዳንዱ ዕጣ አንድ የዶክትሬት ጥናት ነው ብለው ያስቡ። አንዱ 34 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው 42፤ ማናቸውም አልተሳሳቱም፣ ሕዝቡም አልተለወጠም። ከእንግዲህ «የእኛ ውጤት በ2016 ከተገኘው በሦስት በመቶ ይበልጣል፤ ይህም የሆነው በድርቅ ምክንያት ነው» ብሎ ለመጻፍ እጅዎ አይቸኩልም።

አሁን ልምምዱን ወደ እውነተኛው መስክ ያቅርቡት። ሕፃናቱን በቀበሌ ይከፋፍሏቸው፤ የአንድ ቀበሌ ልጆች ውሃቸው፣ ገበያቸው፣ ጤና ጣቢያቸው አንድ ስለሆነ ከሌላው ይልቅ እርስ በርስ ይመሳሰሉ። ከዚያ ጥቂት ቀበሌዎችን በዕጣ መርጠው ከእያንዳንዱ 20 ልጆችን ይውሰዱ። የናሙናው ቁጥር ያው ሆኖ ሳለ ግምቱ በሰፊው ሲወዛወዝ ያያሉ። ይህ ዲዛይን ኢፌክት ይባላል፤ ቀጣዩ ደረጃ ያለ እሱ አይገባም።

የናሙናውን መጠን ከቀመሩ በፊት ያስቡ

የያማኔ ቀመር በአገራችን ፕሮፖዛሎች ውስጥ እንደ ጸሎት ይደገማል፤ ከጎኑ ደግሞ የክሬጅሲና ሞርጋን የ1970 ሠንጠረዥ አለ። ሁለቱም ስህተት አይደሉም። የሚመልሱት ግን አንድ ጠባብ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከአንድ የስም ዝርዝር ላይ በቀጥታ በዕጣ ብመርጥ፣ አንድን መቶኛ በአምስት ነጥብ ልዩነት ውስጥ ለመገመት ስንት ሰው ይበቃኛል? ሕዝቡ አሥር ሺህም ይሁን አሥር ሚሊዮን የያማኔ መልስ ከ400 አያልፍም። የእርስዎ ጥያቄ ይህ ካልሆነ መልሱም የእርስዎ አይደለም።

ናሙናዎን ከቀበሌ ወደ ቤተሰብ የሚወርዱ ከሆነ ይህን ስሌት ይከተሉ። መነሻው 384 ይሁን። ከአንድ ቀበሌ 20 ቤተሰብ ከወሰዱና የአንድ ቀበሌ ሰዎች መመሳሰል 0.05 ነው ብለው ካሰቡ፣ ከ20 አንድ ይቀነሳል፣ 19 በ0.05 ይባዛል፣ አንድ ይደመራል፤ 1.95። ስለዚህ 384 ወደ 749 ያድጋል። አሥር በመቶው መልስ ላይሰጥ ይችላል ካሉ ለ0.9 ያካፍሉ፤ 833። ብዙዎች አሥር በመቶ ይደምራሉ፤ እሱ ግን 824 ያመጣል፤ ከእነሱ አሥር በመቶው ሲቀር የሚፈልጉት 749 አይሞላም። ቀበሌውን አብዝቶ በየቀበሌው የሚጠየቀውን ሰው መቀነስ ከሁሉ የተሻለ ነው። የመኪና ኪራዩ ግን ይጨምራል፤ ክርክሩን ከበጀቱ ጋር ያድርጉት።

ሁለት ቡድን የሚያወዳድሩ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። በገጠር 40፣ በከተማ 25 በመቶ የሚያህል ልዩነት ቢኖር 80 በመቶ በሆነ ዕድል ለማየት ከየቡድኑ 150 ያህል ሰው ይበቃል። ልዩነቱ በ40 እና በ35 መካከል ከሆነ ግን ከየቡድኑ 1,470 ገደማ ያስፈልጋል፤ ያውም ዲዛይን ኢፌክት ሳይጨመር። በ400 ሰው ትንሽ ልዩነት ፈልጎ «ግንኙነት አልተገኘም» ብሎ መደምደም፣ ችግሩ የናሙናው ሆኖ ሳለ ለሕዝቡ መልስ መስጠት ነው።

መለኪያዎን ይፈትኑ

ዛሬ በየመጠይቁ የምናየውን ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ያለውን መለኪያ ሬንሲስ ሊከርት ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1932 በዶክትሬት ጥናቱ ነው። እሱ መለኪያውን ያዘጋጀው አንብበው ራሳቸው ምልክት ለሚያደርጉ ሰዎች ነበር። እርስዎ ከቤት ደጃፍ ቆመው በቃል የሚያነቡላቸው እናት አምስቱን አማራጭ አስታውሰው ይመርጣሉ ብለው አይጠብቁ፤ ለእንግዳ ይሉኝታም አለ፤ አብዛኛው መልስ «እስማማለሁ» ይሆናል። መፍትሔው መጠይቁን በጥናቱ ከማይካተት ቀበሌ ወስዶ ጥቂት ሰዎችን መጠየቅና ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «ይህን ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» ማለት ነው። የጥያቄዎቹን እርስ በርስ መጣጣም የሚለካው የክሮንባህ አልፋ ከ0.7 በላይ መሆኑ ይህን አይተካም። ጥያቄዎችን ባበዙ ቁጥር አልፋ ራሱ ከፍ ይላል፤ የሚለኩት ነገር ትክክለኛው ስለመሆኑም አይናገርም።

በግብርና ላይ ለሚያጠኑ ተጨማሪ ራስ ምታት አለ። ጥማድና ገመድ ከወረዳ ወረዳ ይለያያሉ፣ ቁናም እንዲሁ። የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊው ዳሰሳ ለአካባቢ መለኪያዎች መቀየሪያ አዘጋጅቷል፤ ለእርስዎ ወረዳ ከሌለ ሚዛንና ሜትር ይዘው ይሂዱ።

ዳታው እንደገባ ከማንኛውም ትንተና በፊት ሥዕሉን ይመልከቱ። የተጠያቂዎችን ዕድሜ በግራፍ ሲያወጡ 30፣ 35፣ 40 ላይ ማማ ከቆመ ዕድሜ በግምት እየተነገረ ነው። ኮቦቱልቦክስ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጠይቅ መሣሪያ የሰበሰቡ ከሆነ እያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ የፈጀውን ደቂቃም ይዩ፤ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን መጠይቅ በስምንት ደቂቃ የጨረሰ ሰብሳቢ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞልቶታል። ፍራንሲስ አንስኮምብ እ.ኤ.አ. በ1973 ያዘጋጃቸውን አራት ትንንሽ የዳታ ስብስቦችም አንድ ምሽት ይሥሩባቸው፤ አር ውስጥ ተዘጋጅተው ይገኛሉ። የአራቱም አማካይ፣ ቁርኝትና የሪግሬሽን መስመር አንድ ነው፤ ሥዕላቸው ግን ምንም አይገናኝም።

ሪግሬሽን፦ ምን እየጠየቁ ነው?

እስከዚህ የመጣ ሰው ሪግሬሽን ማስኬድ አያቅተውም፤ ትእዛዙ አንድ መስመር ነው። የሚያቅተው የወጣውን ማንበብ ነው።

ከላይ ያየነውን ይውሰዱ። በገጠር 40 በመቶ፣ በከተማ 25 በመቶ። ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የሚሰጥዎ ኦድስ ሬሾ ነው፦ 40 ለ60 ሲካፈል 0.67፤ 25 ለ75 ሲካፈል 0.33፤ የሁለቱ ንጽጽር 2። ከዚህ ተነሥቶ «የገጠር ልጅ የመቀንጨር ዕድሉ እጥፍ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ስንት ጥናት ውስጥ ተጽፏል! 40 የ25 እጥፍ አይደለም፤ 1.6 ጊዜ ነው። ኦድስ ሬሾ ከዕድል ንጽጽር ጋር የሚቀራረበው ክስተቱ ጥቂት ሲሆን ብቻ ነው፤ በአገራችን መቀንጨር ጥቂት አይደለም። መቶኛዎቹን ከኦድስ ሬሾው ጎን ይጻፉ፣ አንባቢው ራሱ ያያል።

ሁለተኛው ጉዳይ የተለዋዋጮች ምርጫ ነው። በጤና ጥናቶቻችን የተለመደው ሥርዓት እያንዳንዱን ተለዋዋጭ ለብቻው ፈትኖ ፒ ቫልዩው ከ0.25 በታች የሆነውን ወደ ዋናው ሞዴል ማስገባት ነው። ይህ ለመንስኤ ጥያቄ አይሆንም። የእናት ትምህርት ልጁን የሚጠቅመው በአመጋገቡ በኩል ነው ብለው ካመኑ፣ አመጋገብን ሞዴሉ ውስጥ ሲያስገቡ የትምህርትን ውጤት በገዛ እጅዎ ያጠፉታል፤ ከዚያ «ትምህርት ፋይዳ የለውም» ይላሉ። በተቃራኒው የቤተሰቡ ሀብት ትምህርትንም መቀንጨርንም የሚነካ ስለሆነ ፒ ቫልዩው ምንም ቢሆን መግባት አለበት። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ከመክፈትዎ በፊት በወረቀት ላይ ምን ምንን እንደሚያስከትል በቀስት ይሣሉ። ቀስቶቹን የሚያውቁት እርስዎና አማካሪዎ ናችሁ፤ ዳታው አያውቃቸውም።

ከአንድ ሞዴል ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ እንደ መንስኤ መተርጎምም ይተዉ። ሞዴሉ የተሠራው ለአንድ ጥያቄ ነው፤ ሌሎቹ ተለዋዋጮች ለእርዳታ የገቡ ናቸው።

ስለ ፒ ቫልዩ አጭር ቃል ይበቃል። ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 በመጽሐፉ ያስለመደው 0.05 የሰው ምርጫ ነው። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበርም በ2016 ባወጣው መግለጫ ሳይንሳዊ ድምዳሜ ፒ ቫልዩ አንድን ወሰን በማለፉ ላይ ብቻ መመሥረት እንደሌለበት አስታውቋል። ምንም ግንኙነት በሌለበት 20 ነፃ ፈተና ቢያካሂዱ ቢያንስ አንዱ «ጉልህ» ሆኖ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ኮከብ ከመለጠፍ የግምቱን መጠንና ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን ይጻፉ።

ከማን ጋር ይሥሩ?

ብቻዎን አይሥሩ። ከባችዎ ሁለት ሦስት ሰው ይሰብስቡና በየሳምንቱ አንዱ ኮዱን እየከፈተ መስመር በመስመር ያስረዳ። የስታቲስቲክስ ባለሙያ መክፈልም ነውር አይደለም፤ የሚከፈለው ግን ፕሮፖዛሉ ከመጽደቁ በፊት ለምክር ይሁን እንጂ ዳታው ከገባ በኋላ ለትንተና አይሁን። ባለሙያው የሠራልዎ ነገር ካለ ኮዱን ይረከቡ፤ ራስዎ ከባዶ ኮምፒውተር ላይ አስኪደው ያው ቁጥር ካልወጣ ሥራው አላለቀም። አማካሪዎ መጠናዊ ስልት ላይ ደካማ ከሆኑ ይህን በግልጽና በአክብሮት ተነጋግራችሁ ከሌላ ዲፓርትመንት ሁለተኛ አማካሪ ይጠይቁ። ብዙ ተማሪ ይሉኝታ ይዞት ይህን ሳይጠይቅ ይቀራል፤ ዋጋውን የሚከፍለው በዲፌንሱ ቀን ነው።

ጥናትዎን ሲያስረክቡ የተጠያቂዎች ስምና አድራሻ የወጣለትን ዳታና ሙሉውን ኮድ ለዲፓርትመንትዎ አብረው ያስረክቡ። ማንም ባይጠይቅዎ እንኳ ያስረክቡ። ቀጣዩ ተማሪ የእርስዎን ሠንጠረዥ ደግሞ እንዲማርበት፣ ስህተት ካለበትም እንዲያገኘው ይፍቀዱለት።